ወፍጮ ቤቱ የት ነው? ከቦሌ አራብሳ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለአዲስ አበባ የከተማ ፕላንና የቤቶች ግንባታ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

ጤና ይስጥልኝ።

የሁለት ልጆች እናትና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዕጣው የወጣልኝ ቀን እናቴ እልል ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አቅፎኛል። የራሴ በር፣ የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ ሽንት ቤት አገኘሁ። "መብራት አጥፉ፣ እንግዳ አታብዙ" የሚል አከራይ የለብኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በቤቱ ተማርሬ አይደለም፤ ቤቴን እወደዋለሁ። የምጽፈው በሩን ከፍቼ ስወጣ ስለሚገጥመኝ ነገር ነው።

ከበርበሬ ልጀምር።

እናቴ ከጉለሌ ወደ እኔ የመጣችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ጉልበቷ ደክሟል። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። በመጣች በሁለተኛው ወር የዓመቱን በርበሬ ገዛን። ቀነጠሰች። ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ደለዘች። በረንዳ ላይ አሰጥታ ለቀናት ስታገላብጠው ሰነበተች። ደርቆ፣ ቅመሙ ተቀላቅሎ ሲያልቅ ነጠላዋን ለበሰችና "በይ እንሂድ፣ ወፍጮ ቤቱ የት ነው?" አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እኔ የተዘጋጀ በርበሬ ከባልትና ቤት ነው የምገዛው። የብሎካችንን ጥበቃ ጠየቅኩ። ከዋናው መንገድ ማዶ፣ ከሳይቱ ውጭ አንድ እንዳለ ነገረኝ። ጆንያውን ከልጄ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ፎቁን ወረድን። ባጃጅ በኮንትራት ያዝን። ስንደርስ መብራት ጠፍቷል፤ ይዘን ተመለስን። ጆንያውን እንደገና ሦስተኛ ፎቅ አወጣነው። በማግስቱ እንደገና አወረድነው።

ያን ቀን እናቴን ወረፋ አስይዤ ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ተማርራ አገኛታለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ፈክቶ ጠበቀችኝ። "ሰው አገኘሁ" አለችኝ። ወረፋ ስትጠብቅ፣ በበርበሬው አብረው ሲያስነጥሱ፣ ከአንዲት እናት ጋር ተዋውቃለች። እሳቸውም እንደ እሷ ልጃቸው ጋ ነው የሚኖሩት። የት ነው ብትላቸው ከእኛ ብሎክ ፊት ለፊት ሆነ። በመስኮታችን የሚታየው፣ ቀይ ምንጣፍ የሚሰጣበት በረንዳ የእሳቸው ነው።

ሁለት ጎረቤታሞች ለመተዋወቅ ሦስት ኪሎ ሜትር በባጃጅ ሄዱ። ብዕር ያስነሳኝ ይህ ነው።

እናቴ "ሰፈራችሁ" ትላለች። እኛ "ሳይታችን" እንላለን። ልብ ብላችሁ እንደሆነ እንጃ፣ ሳይት የሚለው ቃል ለግንባታ ቦታ ነው የሚባለው። ግንበኞቹ ከሄዱ ስንት ዓመታቸው። ሲሚንቶ ማቡኪያው ተነስቷል። ስሙ ግን አልተነሳም። ሰው ሲጠራው ገና ሰፈር አልመሰለውም ማለት ነው።

የድሮውን ሰፈር አላሞግስም። ጉለሌ ስንኖር ለስድስት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት ነበረን። ጣሪያው ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስ ነበር። ከቤታችን ወጥቼ ግን ዳቦ ቤቱ፣ ጫማ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው፣ ወፍጮ ቤቱና ፋርማሲው በአንድ ቅያስ ላይ ነበሩ። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ጀምሮ ብቻዬን እላክ ነበር። እናቴ የማትፈራው መንገዱን አምና አልነበረም፤ በመንገዱ ላይ ስሜን የማያውቅ ባለሱቅ ስለሌለ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰዉ በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ ነበር የሰፈረው። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። መኪና ስላልነበረ ሁሉም ነገር እግር የሚደርስበት ቦታ መሆን ነበረበት። ዛሬም ቢሆን አብዛኛው ሰው መኪና የለውም። በከተማችን ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። እኛ ዳር ላይ ያለነው ደግሞ ጠዋት መገናኛ ለመድረስ ታክሲ የምንሰለፍ ሰዎች ነን። ለአንድ ፓናዶልም፣ ለአንድ የዚፕ ስፌትም እንደገና ትራንስፖርት ፈልጉ ስንባል ይከብደናል።

አሁን አንድ ቦታ ላሳያችሁ።

ከትምህርት ቤቱ የሚወርደው የእግር መንገድና ከአስፋልቱ የሚመጣው የሚገናኙበት ጥግ አለ። ሁለቱንም መንገድ ማንም አልሠራቸውም። ሰው በሣሩ ላይ እየተመላለሰ ያወጣቸው ናቸው። መጀመሪያ እዚያ የተቀመጠችው አንዲት የጉሊት ሴት ናት። ሰማያዊ ሸራ ዘርግታ ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ቃሪያ መደብ መደብ አድርጋ ትሸጣለች። ከጎኗ ሕፃን ልጇ በካርቶን ውስጥ ተኝታ ነበር፤ አሁን አንደኛ ክፍል ገብታ እኔው አስተምራታለሁ። ከስድስት ወር በኋላ አንዲት ልጅ ጀበናዋን ይዛ መጣች። ሦስት ዱካ፣ አንድ ረከቦት፣ አንድ ከሰል ማንደጃ። ቀጥሎ ሊስትሮ መጣ። ቀጥሎ ባጃጆቹ ሰው ስላለ እዚያው መቆም ጀመሩ፤ ተራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወተት በቢጫ ጀሪካን የሚያመጡ አባት አሉ። ብሎኮቹ ከመቆማቸው በፊት እዚህ ጤፍና ሽምብራ ይዘሩ ከነበሩት አንዱ ናቸው። አካባቢውን ከሁላችንም በላይ ያውቁታል። ውሃ በክረምት በየት እንደሚወርድ የነገሩን እሳቸው ናቸው።

በአራት ዓመት ውስጥ፣ ያለ አንድ ብር በጀት፣ ያቺ ጥግ የሰፈሩ መሃል ሆነች። ቁልፍ የጠፋበት እዚያ ይጠይቃል። ቤት የሚከራይ እዚያ ይለጥፋል። ማታ ከሥራ የሚመለሱ ሴት ልጆች ከታክሲ ወርደው እስከዚያች ጥግ በፍጥነት ይሄዱና፣ እዚያ ሲደርሱ እርምጃቸውን ቀስ ያደርጋሉ። ይህን ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቼዋለሁ።

አንድ ጠዋት ሁሉም ተነሱ ተባሉ። ሸራው ተጠቀለለ። ረከቦቱ ተገለበጠ። ጥጓ ለሦስት ሳምንት ባዶ ሆነች፤ የምሽቱም መንገድ ባዶ ሆነ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ እስካሁን ግን አንድ ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነው። ሕግ አይከበር አልልም። የእግረኛ መንገድ በሸራ ተዘግቶ ሰው አስፋልት ላይ ሲሄድ እኔም አልወድም። የምላችሁ ሌላ ነው። ሰው በእግሩ ፕላን አውጥቶ አሳይቷችኋል። ከማስነሳት በፊት አንድ ባለሙያ ማስታወሻ ይዞ መጥቶ ቢቆም ኖሮ፣ የት ላይ ጥላ፣ የት ላይ ቧንቧ፣ የት ላይ መብራት እንደሚያስፈልግ በአንድ ቀን ያውቅ ነበር።

እናንተ ከእኔ የበለጠ የምታውቁት አሜሪካዊ ባለሙያ አለ፣ ክላረንስ ፔሪ። እ.ኤ.አ. በ1929 ለኒውዮርክ አካባቢ ፕላን ሲጽፍ አንድ ሰፈር ከመሃሉ እስከ ዳሩ ሩብ ማይል፣ ማለትም 400 ሜትር ያህል ይሁን ብሎ ነበር። አምስት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። መሃሉ ላይ ትምህርት ቤትና መሰብሰቢያ፣ ሱቆቹን ደግሞ ዳር፣ ዋና መንገዶች የሚገናኙበት ላይ አስቀመጠ። መለኪያውን እወስዳለሁ። ሱቆቹን ዳር ማድረጉን ግን ለእኛ አልቀበለውም። እሱ ያሰበው መኪና እየበዛ ለሄደ ከተማ ነበር። እኛ የምንገዛው ልጅ ከትምህርት ቤት ስንመልስ፣ ከታክሲ ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ነው። የእኛ ሱቅ መቆም ያለበት በዚያ መንገድ ላይ ነው፤ ከትምህርት ቤቱና ከመሰብሰቢያው አጠገብ።

"በየብሎኩ ሥር ሱቅ ሠርተናል" እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ተሠርቷል። በእኛ ብሎክ ግራውንድ ላይ ስድስት ሱቅ አለ። አንዱ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል። አንዱ ካፌ ነው። አንዱ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። አንዱ ቀለምና ሲሚንቶ ይከማችበታል። ሁለቱ ከተሸጡ ጀምሮ ተከፍተው አያውቁም፤ መዝጊያቸው ዝጓል። የንግድ ቤቶቹ በጨረታ የሚሸጡት በገቢው መኖሪያ ቤቱን ለመደጎም መሆኑን እረዳለሁ። እኔም የዚያ ድጎማ ተጠቃሚ ነኝ፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ግን ብዙ ብር አውጥቶ ሱቅ የገዛ ሰው ለጫማ ሰፊ አያከራየውም። ዋጋው እስኪጨምር ዘግቶት ቢቀመጥም አይከስርም። የሚከስረው የሰፈሩ ሰው ነው። ስለዚህ ከየሳይቱ ሱቆች ቢያንስ ከአራት አንዱ ለጨረታ አይውጣ። በተመጣጣኝ ኪራይ ለሰፈሩ ለጎደለው አገልግሎት ይሰጥ። ምን እንደጎደለ ነዋሪው ራሱ ይናገር። በጨረታ የሚገዛውም "በዚህን ያህል ጊዜ ውስጥ ሥራ እጀምራለሁ" ብሎ ይፈርም።

ደግሞ ሁሉም ሥራ ሱቅ ውስጥ አይሠራም። ወፍጮ ስሪ ፌዝ የሚባል ጠንካራ መብራትና የራሱ ቆጣሪ ይፈልጋል። ይጮኻል፣ አቧራው ይበተናል። ሰው ከሚተኛበት ፎቅ ሥር ሊተከል አይችልም። ልኳንዳ የውሃ መውረጃ ይፈልጋል። እንጀራ እየጋገሩ የሚያከፋፍሉ ሴቶች ጠንካራ መስመር ይፈልጋሉ። እነዚህ ከመጀመሪያው ካልታሰቡ በኋላ የሚገቡበት ቦታ የለም፤ ወይ ከሳይቱ ውጭ ይሄዳሉ፣ ወይ በቆርቆሮ ይጠጋሉ። ለአምስት ስድስት እንዲህ ዓይነት ሥራዎች የሚሆን አንድ ግቢ፣ ከብሎኮቹ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ መስመሩ ተዘርግቶለት ቢተው ምን ያህል መሬት ይወስዳል? እናቴ የምትጠይቀኝ ወፍጮ ቤት የሚኖረው እዚያ ነው።

ስለ እድር ሳልናገር ባልፍ ጎረቤቶቼ ይቀየሙኛል።

ባለፈው ክረምት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አባት አረፉ። እድራችን ጡሩምባ የለውም፤ በቴሌግራም ነው የሚነገረው። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰው ሞላ። ድንኳኑ ግን ከሦስት የተለያዩ ደረጃዎች ሥር ተለቃቅሞ ነው የመጣው። ብረቱ አንዱ ብሎክ፣ ሸራው ሌላው ብሎክ፣ ወንበሩ የአንድ አባላችን በረንዳ ላይ ነበር። ድንኳኑን የተከልነው በቆሙ መኪኖች መሃል ነው። ሌሊቱን ዝናብ ወረደ፤ ሐዘንተኞቹ እግራቸውን ጡብ ላይ አድርገው አደሩ። ከድንኳኑ ሃምሳ እርምጃ ላይ ደግሞ ኮሚናል የምንለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ አለ። ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለእርድ፣ ለድግስ ተብሎ የተሠራ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የዚያን ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ አራት ሰው ጋ ደወልን። ማንም አላገኘውም።

የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጋራ መጠቀሚያው የነዋሪዎቹ መሆኑን፣ ባለቤቶቹም በማኅበር ተደራጅተው እንደሚያስተዳድሩት ይናገራል። እኛ አዲስ መብት አልጠየቅንም። በየሳይቱ የጋራ ሕንፃዎቹ ማን እጅ እንዳሉ አንድ ጊዜ ይቆጠሩ። ዕቃ የተከማቸባቸው ይለቀቁ። ለእድር ዕቃ አንድ ክፍል፣ ለስብሰባ አንድ አዳራሽ፣ ለልጆች ማንበቢያ አንድ ጥግ ይውጣላቸው። እናቴ የድሮውን የቀበሌ መዝናኛ አሁንም ታነሳለች። የቀበሌው ሌላ ሌላ ጣጣ እንዳለ ሆኖ፣ ሻይ በርካሽ የሚጠጣበት፣ ድሃውም የሚድርበት አዳራሽ ነበር። ገንዘብ ሳያወጡ መቀመጥ የሚቻልበት ቦታ ዛሬ የት አለ? ካፌ ውስጥ ጡረታ የወጡ አባት በአንድ ማኪያቶ ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?

ፍላጎቱ እንዳለ የእሁድ ገበያው ይመሰክራል። በ2014 ዓ.ም. ኑሮ ውድነቱን ለማርገብ በየአካባቢው ሲጀመር ለሽንኩርትና ለዘይት ተብሎ ነበር። እኛ ጋ ሰው ሽንኩርቱን ከገዛ በኋላ አይሄድም። ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀምጦ ያወራል። ቀትር ላይ ገበያው ሲነሳ ግን የሚቀመጥበት ስለሌለ ይበተናል።

የሚቃወሙ አሉ፣ ከጎረቤቶቼም ጭምር። ሱቅና ጉሊት ሲበዛ ጫጫታውና ቆሻሻው ይበዛል ይላሉ። ልክ ናቸው። ሽንት ቤት ሳይኖር ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ ማበጀት ችግር ማምጣት ነው። ስለዚህ ቧንቧው፣ ሽንት ቤቱና የቆሻሻ ገንዳው ከጥላው ጋር አብረው ይምጡ። ሌሎች ደግሞ ጫት ቤትና ግሮሰሪ ይወርሰዋል ብለው ይፈራሉ። ይህን ፍርሃት እጋራለሁ። ከትምህርት ቤት በር አጠገብ ምን እንደሚከፈት የወላጆች ድምፅ ይሰማ። "ንግድ ቤት" የሚል አንድ ቃል ፕላኑ ላይ ተጽፎ ቢቀር የሚገባው ትርፍ የሚያስገኘው ብቻ ነው። ዳቦ ቤት፣ ፋርማሲ፣ ወፍጮ፣ ጥገና፣ የሕፃናት ማቆያ ተብሎ በስሙ ይጻፍ።

ይህን አሁን የምለው በምክንያት ነው። ለአሥር ዓመት የተያዘው መዋቅራዊ ፕላን ዘመኑ እስከ 2019 ዓ.ም. ነው። መሬቱን 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶ ለሕንፃ ይከፍላል። ጥሩ ክፍፍል ነው። ዳር ላይ ግን ያ የጋራ 30 በመቶ ብዙ ጊዜ በብሎኮች መሃል የተተወ ጭቃ ሆኖ ይቀራል። በቀጣዩ ፕላን ውስጥ መሰብሰቢያ ቦታ በራሱ ስም፣ በየ400 ሜትሩ፣ በካርታው ላይ ነጥብ ሆኖ ይግባ። ነዋሪ ከመግባቱ በፊትም ይሠራ። በዚህ ሁለት ዓመት ከካዛንቺስ ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦች አሉ። ባለሱቃቸውን፣ ደንበኛቸውን፣ እድራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኛ ስምንት ዓመት የጠበቅነውን እነሱ እንዳይጠብቁ እለምናችኋለሁ።

ለእኛስ? ነጭ ወረቀት ላይ አትጀምሩ። ሰው የተሰበሰበበትን ጥግ ፈልጉ። በእኛ ሳይት ብቻ ሦስት አራት አሉ። ለጥጓ ጥላ የሚሆን ጣሪያ፣ የሲሚንቶ መደብ፣ ለአሮጊትና ለነፍሰ ጡር የሚሆን አግዳሚ ወንበር፣ የማይጠፋ የመንገድ መብራት፣ ከአስፋልቱ እስከዚያ ጭቃ የማያስረግጥ የኮብልስቶን መንገድ ብትሰጧት ብዙ ወጪ አይደለም። ጀበና የያዘችውንና የጉሊቷን ሴት መዝግቡ፤ ትንሽ ኪራይ ይክፈሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣቸው። ባለደረሰኝ ሲሆኑ አንድ ዓይናቸው መንገዱ ላይ መሆኑን ይተዋል።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቀን ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ጥሩ ነው፤ ሰው ሁሉ ውጭ ነው። መኪናችሁን አስፋልቱ ላይ አቁሙና በእግር ግቡ። ሣሩ ላይ የወጣውን መንገድ ይዛችሁ ስትወርዱ ሰማያዊዋን ሸራ ታገኛላችሁ። ከጎኗ ባሉት ዱካዎች ላይ እናቴና ባለ ቀይ ምንጣፏ ጓደኛዋ ተቀምጠው ይሆናል። ጉልበታቸው ስለማይችል ደረጃውን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወርዱት፤ ለዚያች ጥግ ነው የሚያስቀምጡት። እነሱን ጠይቋቸው። ከእኔ የበለጠ ያስረዷችኋል።

በአክብሮት፣
የቦሌ አራብሳ ነዋሪ መምህርት